አገር ስጪኝ

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ይህ ደብተር የሒሳብ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡ አያባራም፣ ሒሳብ ደግሞ በዝናብ አይሠራም። ስለዚህ ለሐሜት ይዋል።

የመጀመሪያው ሐሜት የራሳችን ቤት ነው። ወንድሜ ገዳሙ መናገር ትቷል። አምስት ዓመቱ ነው። ሰኔ ላይ ሽንት ቤት ተቀምጦ እንኳ የሚያወራ ልጅ ነበር፤ አሁን ውኃ ሲጠማው ኩባያውን ይዞ ፊቴ ይቆማል። ሲከፋው ወደ ግድግዳ ይዞራል። ሐኪሙ ጆሮውን አየ፣ ጉሮሮውን አየ፣ ምንም የለበትም፣ ጊዜ ስጡት አለ። እማዬ ጊዜ ከየት እንደሚመጣ እያጉረመረመች ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

አባዬ ሚኒባሱን ይዞ መርጡለ ማርያም እንደገባ መንገዱ ተዘጋ። የዚያ አገር ስልክም አይሠራም። በእግሩ የመጣ አንድ ነጋዴ፣ "ደምለውን አይቸዋለሁ፤ ደህና ነው፤ መኪናው ውስጥ ነው የሚያድር" ብሎናል። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም።

ገዳሙ በመጀመሪያው ሰሞን "አባዬ መቼ ነው የሚመጣ?" ይል ነበር፤ ሲነሳ፣ ሲበላ፣ ሲተኛ። እማዬ "ነገ" ትለዋለች። ጎረቤታችን እትዬ የብርጓል "ነገ፣ የኔ ጌታ" ይሉታል። እኔም "ነገ፤ አሁን ላጥናበት" እለዋለሁ። (እያጠናሁ አልነበረም።) አንድ ቀን መጠየቁን ተወ። እፎይ አልን። ብዙም ሳይቆይ ሌላውንም ወሬ ሁሉ ተወው።

ሐምሌ 6

ቤታችን የፈተና ጣቢያ ሆኗል።

እትዬ የብርጓል በር አያንኳኩም፤ ይስላሉ። ስለው ሲጨርሱ ወንበር ላይ ናቸው። ዛሬ ገዳሙን ጉልበታቸው መሐል አጣብቀው "የብርጓል" እንዲል አዘዙት። ከስም ሁሉ መርጠው! ያንን ስም ሳልደናቀፍ ለመጥራት እኔ ሁለተኛ ክፍል ደርሻለሁ።

ቀጥለው የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ መሳፍንት ብስኩት ይዘው መጡ። ብስኩቱን ሽቅብ ሰቅለው፣ "ስጡኝ" ካላለ እንደማይሰጡት ነገሩት። ገዳሙ ቀና ብሎ አያቸው። አያቸው፣ አያቸው፣ የሳቸው ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጨረሻ ብስኩቱ ሲወርድ ልጁ የለም። እኔ በላሁት።

መድኃኒት ደግሞ የሌለው ሰው የለም። ጠበል። የበግ ምላስ። አንዷ የእማዬ ደንበኛ ልጁን በድንገት ብታስደነግጡት ይናገራል አለች። ከበሩ ጀርባ ቆሜ እሷን ራሷን አስደነገጥኋት። እውነቷን ነው፤ ብዙ ተናገረች።

ሐምሌ 11

ልብስ ሳጣጥፍ ሰማሁ። (ልብስ አልነበረም። መጋረጃ ነበር፤ ከጀርባው ነበርሁ።)

እማዬ ለእትዬ የብርጓል ስትነግር ነው። ከፍልሰታ ጾም በኋላ አባቷ ከደብረ ኤልያስ ይመጣሉ። ገዳሙ እስከዚያ ካልተናገረ ይዘውት ይሄዳሉ። ጠዋት ጠዋት ጠበል ይጠመቃል፣ ከተማሪዎቻቸው ጋር ፊደል ይቆጥራል። መቼ እንደሚመለስ ሲጠይቋት፣ "ሲሻለው" አለች። ድምፅዋ ክር እንደነከሰ ሰው ነበር። እውነትም ነክሳ ይሆናል፤ ሁልጊዜ ክር እንደነከሰች ናት።

አያቴ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ይባላሉ። እንደ ተማሪዎቻቸው "የኔታ" ነው የምንላቸው፤ እማዬ እንኳ የወለዷት ልጃቸው ሆና የኔታ ትላለች። እኔ አንድ ጊዜ "አባባ" ብያቸው ማንን እንደጠራሁ ዞረው ፈለጉ። ክፉ አይደሉም። ልጅ ባዩ ቁጥር ግን በላ ወይ፣ ተኛ ወይ አይሉም፤ ቀለም ገባው ወይ ነው የሚሉት።

ይሂድ እንግዲህ። አልጋው ለብቻዬ ይሆናል። እግሩ በረዶ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ጀርባዬ ላይ ለጥፎ ነው የሚያሞቀው። ይሂድ፣ ጥሩ ነው።

ጥሩ ነው ብያለሁ።

ሐምሌ 15

ትሕትና መጣች። የአባዬ ታናሽ እህት ናት፤ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ከየሥልጠናው አንድ ነገር ይዛ ትመለሳለች። አምና እጅ መታጠብ ነበር፤ ዘንድሮ መተንፈስ ነው። የፈረንጅ ስም አለው፣ እሷ "ልብ ማለት" ትለዋለች። ቁጭ ትያለሽ፤ ትንፋሽሽ ሲገባና ሲወጣ ልብ ትያለሽ፤ አለቀ። እትዬ የብርጓል ይህን ሰምተው፣ "ለመተንፈስም ሥልጠና ተጀመረ?" አሉ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሳቸው ጋር ተስማማሁ። ደነገጥሁ።

ትሕትና ጫማዋን አወለቀች። ገዳሙን ምንጣፉ ላይ በጀርባው አስተኛችውና መኪናውን ሆዱ ላይ አቆመችለት። መኪናው አባዬ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆርጦ የሠራለት ሚኒባስ ነው፤ ጎማው ቆርኪ ነው። ዳገቱን እንዲያወጣት ነገረችው። ሆዱ ተነፋ፣ መኪናዋ ወጣች። ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ አወረዳት። እንደገና አወጣት። የት አገር እየነዳት እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ መንገዱ ረጅም ነበር። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። ሰሞኑን ሲባንን የሚያድር ልጅ በጠራራ ቀን ተኛ።

ስትሄድ በር ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

"ምሥራቅ፣ ማንም አይጠይቀው። በየቀኑ ዛፍ ሥር አውጪው። ማታ ታቅፈሽ አንብቢለት። አንብቢ ብቻ፤ 'ይኼ ምንድን ነው' ሳትይ።"

"በቃ?"

"በቃ።"

ለዚህ አበል ይከፈላታል።

ሐምሌ 19

ቸኩያለሁ። ጭቃ። ቦቲዬ ተቀደደ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ወሰድሁት። ጉም ነበር። ከጽዶቹ ጀርባ ነጭ ግድግዳ የተሠራ ይመስላል፤ ስንደርስ ግን የለም፤ ወደፊት ሸሽቶ ሌላ ቦታ ቆሟል። ገዳሙ ሮጦ እጁን ሰደደበት። ባዶ። ዞሮ አየኝ። ምን አገኘህ ልለው ከፍቼው የነበረውን አፌን ዘጋሁ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይኼ ነው ሥልጠና የሚያስፈልገው።

የአባዬን ስልክ ደወልሁ። ያቺ ሴትዮ ናት ያነሳችው፤ አገልግሎት አይሰጥም የምትለዋ። ከዘመድ ይልቅ እሷን ለምጃታለሁ።

ሐምሌ 25

ትሕትና ያዋሰችን መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። አንዲት ኤሊ ቤቷ ከበዳትና የምታስቀምጥበት ቦታ ፍለጋ ትዞራለች። ወንዙን ትለምናለች፤ ጉሬዛውን ትለምናለች። የመጨረሻው ገጽ የለም፤ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች አንዱ በልቶታል። ስለዚህ በየማታው መጨረሻውን እኔ እፈጥራለሁ። አንድ ማታ ኤሊዋ ቤቷን ለአቶ መሳፍንት አደራ ሰጠች፤ እሳቸው ስብሰባ ጠሩበት። በማግስቱ እትዬ የብርጓል እየሳሉ ገቡበትና አልወጣም አሉ። የገዳሙ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ድምፅ የለውም፤ ግን ሳቅ ነው። ሳቅ አውቃለሁ፤ ሙያዬ ነው።

ዛሬ ደክሞኝ ስለነበር አሳጠርሁት። "ኤሊዋም ነገ ቤቴ እገባለሁ አለች፤ አለቀ" አልሁ። መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ዘጋውና ወደ ግድግዳ ዞረ። ምን እንዳስከፋው አላውቅም። መጨረሻው እኮ ጥሩ ነበር። አሁን አጠገቤ ተኝቷል፤ እግሩን ወደ ራሱ ሰብስቦ። ጀርባዬ ሞቋል። እንዲህ ነው እንግዲህ አልጋ ለብቻ ማለት።

ነሐሴ 2

ሲከፋው ወደ ግድግዳ ይዞራል ብዬ ነበር። ግድግዳውን ዛሬ ነው ልብ ያልሁት። አባዬ የተሰነጠቀውን ጭቃ ለመሸፈን የለጠፈው ያረጀ የአገር ካርታ አለ። ገዳሙ ግድግዳ አይደለም የሚያየው። በጣቱ ይፈልጋል።

መርጡለ ማርያም ካርታው ላይ የለችም፤ ያሉት ትልልቆቹ ናቸው። በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጌ ጻፍኋትና፣ "አባዬ እዚህ ነው" አልሁት። ጣቱን ነጥቡ ላይ አሳርፎ ቆየ። እኔም ቆየሁ። ሥራ ስላልነበረኝ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ። እንቆቅልሽ። መልሱን ያላወቀ ለጠያቂው አገር ይሰጣል፤ በቃ፣ ተገላገለ። አፍ ሳይከፍት በጣቱ ካርታው ላይ ያሳየኛል። ከጥያቄ ሁሉ አላውቅም ማለት የማያሳፍርበት ይኼ ብቻ ነው። እኔ "እንቆቅልህ" እላለሁ፣ ራሴው "ምን አውቅልሽ" እላለሁ፤ እሱ ራሱን ይነቀንቅና አገር ይመርጣል። ጎንደርን ሰጠኝ። ጅማን ሰጠኝ። ሐረር ገብቼ ብርቱካን በልቼ ወጣሁ። ያለንባትን ደብረ ማርቆስንና የእስክሪብቶዋን ነጥብ ግን አይነካም።

በእኛ ቤት አንድ ተጨማሪ ሕግ አለ፤ ያወጡት የኔታ ናቸው። የሰጠኸው አገር ያንተ አይደለም፤ ዳግመኛ አትገባበትም። እማዬ በልጅነቷ ባሕር ዳርን ሰጥታቸው እስከ ዛሬ አልሄደችም። አንድ ጊዜ ሠርግ ተጠርታ ወገቧን አመማት። እየሳቀች ነው የምታወራው። ግን አልሄደችም።

ነሐሴ 7

መንገዱ ተከፈተ አሉ። ከሰዓት አልተከፈተም አሉ። ማታ ተከፍቶ ነበር ግን ተዘጋ አሉ። ሦስቱንም ያሉት እትዬ የብርጓል ናቸው።

ደን። ዝናብ። አንድ ወይራ ሥር ተጠልለን ጠብታ ስናዳምጥ ቆየን። እኔ ልብ አልልም፤ እሱን እየጠበቅሁ ነው። የኔታ የሚመጡበት የደብረ ኤልያስ መንገድ ግን ሰላም ነው። እሱ አይዘጋም።

ነሐሴ 13፣ ቡሄ

የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ መጡ። ገዳሙ ዱላውን ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣና መሐላቸው ገባ። እነሱ ሲቀበሉ እሱ መሬቱን ይመታል፤ አንድም ጊዜ ምቱን አልሳተም። አፉ ዝግ ነው። ሙልሙል ይዘው የወጡት አንዲት ሴት፣ "ያሳዝናል፤ መልክ ሳያንሰው" አሉ።

ጆሮው ደህና ነው ብሏል እኮ ሐኪሙ።

ዱላውን ይዞ ብቻውን ተመለሰ። እኔም ሆያ ሆዬ የወንድ ነው ሳልል ዱላውን ተቀበልሁትና እትዬ የብርጓል በር ላይ ጨፈርሁ፦ "እትዬ የብርጓል ሳልዎ ደርሷል፤ እሱ ቤት ገብቶ እርስዎ ቀርተዋል።" አሳደዱኝ። ገዳሙ በአጥሩ ቀዳዳ ያይ ነበር፤ ትከሻው ተንቀጥቅጦ እንደሆነ ግን ከሩቅ አላየሁም።

ነሐሴ 17

የኔታ ገቡ። አይሱዙ ላይ፣ በተጫነ ጤፍ ላይ ተቀምጠው፣ ጥምጣማቸው ንቅንቅ ሳይል። ለኔ ሰላምታ፣ ለእማዬ ምርቃት፣ ለገዳሙ፦ "ሀ በል።"

ዝም።

"ሀ።"

የኔታ መጠበቅ ያውቃሉ፤ ድንጋይም እንደሳቸው አያውቅበትም። እማዬ የጨርቅ ጫፍ ትጠመዝዛለች። ገዳሙ ጫማውን ያያል፤ ጆሮው ቀላ። እኔ ልናገር አላሰብሁም ነበር። "የኔታ፣ አይጠይቁት" የሚል ሰምቼ ዞር ስል እኔ ነኝ።

ቤቱ ቀዘቀዘ። የኔታ ግን አልተቆጡም። "ሳይጠየቅ የተማረ ማን አለ፣ ልጄ?" አሉ። 

ማክሰኞ ይዘውት ይሄዳሉ።

ነሐሴ 19

ሹራብ። ካልሲ። ነጠላ። መኪናዋ ሻንጣው ውስጥ አልገባችም፤ እማዬ ትቅር አለች። የኤሊዋ መጽሐፍ የትሕትና ነው፤ እሱም አይሄድም። እዚያ ማን ያነብለታል? መቁጠር ነው እንጂ ማንበብ አይደለም። ደግሞ እግሩን ማን ላይ ሊያሞቅ ነው? ተማሪዎቹ ጎን ለጎን ነው የሚተኙት፤ ግን አያውቁትም፤ ግራ እግሩ እንደሚብስ አያውቁም።

ምን አገባኝ፤ አልጋዬን አገኛለሁ።

እማዬ የምትሰፋው ነገር ሳይኖር የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ናት። መኪናው ሲንጫጫ ልቅሶ የማይሰማ ይመስላታል። ገብቼ አጠገቧ ቆምሁ። "ምን ላድርግ፣ ምሥራቅ? ያላደረግሁት ካለ ንገሪኝ" አለች። እኔ ደግሞ ክር ያዝሁላት።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

እንዳልረሳው በቶሎ ልጻፈው።

ሻንጣው በር ላይ ነበር። ዝናቡ ስለበረታ ባጃጁ ዘገየ። የኔታ ልጅን እንጂ ባጃጅን መጠበቅ አይችሉም፤ መቋሚያቸውን ይዘው ሳሎን ጓዳ ሲሉ ቆይተው የእኛ አልጋ ጋ ደረሱና ካርታውን አዩት። መርጡለ ማርያምን በእስክሪብቶ ማን እንደጻፋት ጠየቁ። እንቆቅልሽ እንደምንጫወት ነገርኋቸው።

"በማን ሕግ?"

"በእርስዎ።"

መቋሚያቸውን አጋደሙ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። ቅዳሴ ሊገቡ እንጂ ሊጫወቱ አይመስሉም።

"እንቆቅልህ" አሉ።

ገዳሙ መኪናውን አቀፈ። እኔ "ምን አውቅልዎ" አልሁለት፤ ይህን ያህል ይፈቀዳል።

"ከሩቅ ሳየው ግድግዳ፤ ስደርስበት ባዶ ሜዳ።"

 ይህን እኮ ያውቀዋል፤ እጁን የሰደደበት ነው። ገዳሙ መስኮቱን አየ። ውጭው ነጭ ነው። ከዚያ የኔታን አየ። ከዚያ ሻንጣውን አየ። ራሱን ነቀነቀ፤ አላውቅም።

"እንግዲያው አገር ስጠኝ" አሉ የኔታ፤ ፊታቸው ላይ ድል አለ።

ወደ ካርታው ዞረ። ጣቱ ከጎንደር ተነሳ፣ ቁልቁል ወረደ፣ ደብረ ማርቆስ ደረሰ። ከማርቆስ ወደ ግራ ትንሽ ሄደና ቆመ። ባዶ ወረቀት ነው፤ እዚያ የተጻፈ ነገር የለም። ጣቱን አነሳ፤ መለሰ፤ እኔን አየ። ኪሴ ውስጥ እስክሪብቶ ፍለጋ ገባሁ፤ ምን እንደምጽፍለት ግን አላወቅሁም ነበር።

"ደብረ ኤልያስን" አለ።

ድምፁ የዛገ ነበር። የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

የኔታ ጢማቸውን ያዙ። እንደ ደንቡ ጀመሩ፤ "ደብረ ኤልያስ ገብቼ፣ ምን አጥቼ፤ ማሯን በልቼ፣ ጠላዋን ጠጥቼ፤ ቅኔ ቤት ተቀምጬ..." እዚህ ላይ ቆሙ። የልጅ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት። "ብቻዬን" ብለው ጨረሱ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ።

"ዘሪቱ፣ ሻንጣውን ፍቺ" አሏት። "ሰው በሰጠው አገር አይገባም።"

"የኔታ፣ ጨዋታ እኮ ነው።"

"ባሕር ዳር ሄደሻል?"

ሻንጣውን ልትፈታ ጎንበስ አለች።

ባጃጁ መጣ። የኔታ ሲወጡ በመቋሚያቸው ጫፍ እግሬን ነካ አድርገው፣ "አፍሽ ይረዝማል" አሉኝ። ሲሰድቡኝ ይሁን ሲመርቁኝ አልለየሁም። ባጃጁ ከተንቀሳቀሰ በኋላ አንገታቸውን በሸራው አወጡና በዝናብ ውስጥ ጮኹ፤ መልሱን መንገር ረስተው ኖሯል፤ ጉም ነው አሉ፣ ጉም።

"አውቃለሁ" አለ ገዳሙ፤ ለእኔ ብቻ።

ነሐሴ 23

የመዳኑ ባለቤት በዝቷል። እትዬ የብርጓል ያመጡት ጠበል ነው ያዳነው። አቶ መሳፍንት ብስኩቱ ነው ይላሉ። (ብስኩቱን ማን እንደበላው አልነገርኋቸውም።) ትሕትና መጥታ ምንም ሳትጠይቅ ኤሊዋን አነበበችለትና ሄደች። ገዳሙ ብዙ አያወራም። ውኃ ይላል። መኪናዬ ይላል። ፈታኝ ሲገባ አሁንም ጫማውን ያያል፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ ፈታኝ እመልሳለሁ። እትዬ የብርጓልን በሳል ነው የምቀድማቸው፤ እሳቸው ሳይስሉ እኔ እስላለሁ።

የአባዬን ስልክ ደወልሁ። ያቺ ሴትዮ።

ቅድም ተኝተን ነበር። ገዳሙ በጀርባው ነው፤ መኪናዋ ሆዱ ላይ ናት። ዳገት ወጣች፣ ቁልቁለት ወረደች። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ አመጣው፤ ከሰኔ ወዲህ አንስቶት የማያውቀውን።

"አባዬ መቼ ነው የሚመጣ?"

"ነገ" ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኋት። 

"አላውቅም፣ ገዳሙ። ማንም አያውቅም።"

ወደ ግድግዳ ይዞራል ብዬ ጠበቅሁ። ዝናቡን አዳመጠ። መኪናዋ ወጣች፣ ወረደች።

"አላወቅሽም?"

"አላወቅሁም።"

"እንግዲያው አገር ስጪኝ።"

ደብረ ማርቆስን ሰጠሁት። ሙሉዋን፤ ከነገበያዋ፣ ከነባጃጇ፣ ከነጭቃዋ፣ እትዬ የብርጓልን ከነሳላቸው። ሕጉን ግን አውቃለሁ፤ የሰጠሁት አገር ከእንግዲህ የኔ አይደለም። ስለዚህ በአገሩ እንድኖር ይፈቅድልኝ እንደሆነ ለመንሁት። አሰበበት። ዞሮ፣ ሁለቱንም እግሩን ጀርባዬ ላይ አደረገ።